የድቡ ከረሜላ ከምን ተሠራ?

ከጀርመን የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ሐሪቦ አይጠፋም። ያ ድብ መሳይ፣ ሲያኝኩት የሚለጠጥ ከረሜላ። ልጆች ከበውት ሳሉ አንዱ «ሐላል ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ከረሜላ ደግሞ ምን ሐራም አለው?» ነው። እኔ ግን ጠያቂውን አመሰግናለሁ።

ከረሜላውን የሚያለጥጠው ጄላቲን ነው። ጄላቲን የሚወጣው ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ሲሆን፣ አውሮፓ ውስጥ በብዛት የሚሠራው ከአሳማ ቆዳ ነው። ቆዳው አሲድ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ በሙቅ ውሃ ይቀቀላል፣ ይጣራል፣ ይደርቃል፤ በመጨረሻ ከምን እንደመጣ በዓይንም ሆነ በምላስ የማይለይ ዱቄት ይሆናል። በ1920 እ.ኤ.አ. ቦን ከተማ ውስጥ የተቋቋመው ሐሪቦ ራሱ ቱርክ ባለው ፋብሪካው በበሬ ጄላቲን የሐላል ከረሜላ ያመርታል። ስሙ አንድ፣ ድቡም አንድ፤ ብይኑ ግን የጀርመኑና የቱርኩ ይለያያል።

ዑለሞች በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አልሆኑም። አንድ ነገር ፈጽሞ ወደ ሌላ ነገር ከተለወጠ፣ ወይን ጠጅ ኮምጣጤ እንደሚሆነው፣ ብይኑም አብሮ ይለወጣል የሚሉ አሉ፤ ኢስቲሓላ የሚባለው ይህ ነው። ከእስልምና የሕግ መንገዶች በሐነፊ መዝሀብ በሩ ሰፋ ይላል፣ በአገራችን ብዙ ተከታይ ባለው በሻፊዒይ ይጠብባል። በ1995 እ.ኤ.አ. ኩዌት ላይ የተሰበሰቡ የሕክምናና የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ሰዎች ተለውጧል ወደሚለው አዘንብለው ፈቀዱ። ከዚያ በፊት በ1986 እ.ኤ.አ. የዮርዳኖስ ዋና ከተማ ዓማን ላይ የተቀመጠው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ ግን የአሳማ ጄላቲን ምግብ ውስጥ አይገባም፣ ከዕፅዋትና በሸሪዓው መሠረት ከታረደ እንስሳ የሚገኘው ይበቃል ብሏል።

እኔ ከዓማኑ ጋር ነኝ። ከፖምና ከብርቱካን ልጣጭ የሚወጣው ፔክቲን ያንኑ ከረሜላ ያረጋል፤ የዓሣ ጄላቲንም አለ። አማራጩ እያለ ለጣፋጭ ብሎ በጥርጣሬ ውስጥ መግባት ምን ያስፈልጋል? «የበሬ» የሚል ጽሑፍ ብቻውንም አያሳርፈኝም፤ በሬው እንዴት ታረደ የሚለው ይቀራል፣ የሐላል ማረጋገጫው ምልክት የሚፈለገውም ለዚሁ ነው። በሌላ በኩል ማሸጊያው ላይ ኢ የሚል ፊደልና ቁጥር ባዩ ቁጥር ሐራም ነው ብለው በስልክ የሚያሠራጩ ወንድሞቻችን ሰውን ያለ ዕውቀት ያስጨንቃሉ። ከእነዚያ ቁጥሮች ብዙዎቹ የዕፅዋት ወይም የማዕድን ውጤት ናቸው።

ጉዳዩ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። ኦርቶዶክስ ጎረቤቴም አሳማ አትበላም፤ በጾም ቀን ደግሞ የበሬውም ጄላቲን ቢሆን ለልጇ አይሆንም። ሁለታችንም ሱቅ ስንገባ የምናገላብጠው ያንኑ ከረጢት ነው፤ ጽሑፉ ጀርመንኛ ወይም ቱርክኛ፣ አንዳንዴም «ጄላቲን» ከሚል አንድ ቃል በቀር ምንም የለውም። አስመጪዎች ከረጢቱ ላይ በአማርኛ አንዲት መስመር ይለጥፉልን፦ የአሳማ፣ የበሬ፣ የዓሣ ወይም የዕፅዋት። እስከዚያው ድረስ የጄላቲኑ ምንጭ ያልተጻፈበትን ከረጢት ለልጆቼ አልገዛም።