ለጋሪ ፈረስ ኮቴ ባለሙያ ይመደብለት

ፈረስ ማነከስ ሲጀምር ብዙ ገበሬ በቅድሚያ የሚዳብሰው ትከሻውንና ጉልበቱን ነው። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ኮቴው ላይ ነው። ኮቴ እንደ ሰው ጥፍር በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ተቆርጦ በሞረድ መስተካከል ይኖርበታል። ያገኙትን ማጭድ አንስቶ መከርከም እንስሳውን ማቁሰል ነው።

የብረት ጫማ ለሁሉም ፈረስ አያስፈልግም። በማሳና በሣር ላይ ለሚውለው ኮቴውን ማስተካከል ይበቃል። በአስፋልትና በጠጠር መንገድ ጋሪ የሚጎትተው ግን ኮቴው ከሚያድገው የሚያልቀው ስለሚበልጥ ጫማ ያሻዋል። ምስማሩ መግባት ያለበት ሕመም በማይሰማው የውጭ ግድግዳ ብቻ ሲሆን፣ ጥቂት ወደ ውስጥ ካለፈ ሥጋውን ወግቶ መግል ያስይዛል።

ይህን ሙያ ለመልመድ ከቀጥቃጩ የቀረበ ሰው የለም። ብረት ማጋልና ማጣመም ያውቃል፤ ስለ እንስሳው አካል የሚጎድለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያው ሊያሳየው ይችላል። (ማረሻ እያሠሩ ቀጥቃጭን መናቅ ደግሞ የሚያሳፍር ልማድ ነው።) ስለሆነም የገበሬ ማኅበር መሪዎች በአባላት መዋጮ ሞረድ፣ ጉጠትና መዶሻ ገዝተው ለአንድ ቀጥቃጭ ሊያስረክቡ፣ በገበያ ቀንም ባለጋሪዎችን ተራ ሊያስይዙ ይገባል። ሥራው ከክረምቱ በፊት ቢጀመር ይመረጣል፤ በጭቃ የራሰ ኮቴ ስለሚለሰልስ ምስማር አጥብቆ አይዝም።