በ20 ሊትር ባሕር ውስጥ ማን ይኑር?

የጨው ውኃ አኳሪየም ለረጅም ጊዜ የሀብታም ሳሎንና የሙዚየም ጌጥ ነበር። ዛሬ ከማይክሮዌቭ የማይበልጥ የመስታወት ገንዳ፣ መብራትና ማጣሪያው አብሮ ተገጥሞለት፣ እንደማንኛውም ዕቃ ይሸጣል። ጠረጴዛ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ 20 ወይም 30 ሊትር ውኃ ይይዛል። ገዢው ገንዳውን ከመረጠ በኋላ ወደ ዓሦቹ ዞር ብሎ "የቱ ያምራል?" ይላል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ከውበቱ በፊት ሁለት ጥያቄዎች መቅደም ነበረባቸው። ይህ እንስሳ በዚህች ውኃ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ መኖር ይችላል ወይ? ደግሞስ ከየት መጣ፤ ከማራቢያ ጣቢያ ወይስ ከባሕር ተለቅሞ? የመጀመሪያው የአንድ ፍጥረት ሕይወት ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከባሕሩና ከባሕሩ ዳር ከሚኖረው ሕዝብ ጋር የተያያዘ ነው። ሁለቱንም መመለስ ያለበት መንግሥት ወይም ዓለም አቀፍ ስምምነት ይመስላል። በተግባር ግን መልሱን የሚሰጠው ገንዘቡን ከኪሱ የሚያወጣው ሰው ነው።

ከውኃው እንጀምር። የባሕር ውኃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ይዟል። 20 ሊትር ገንዳ ውስጥ 700 ግራም ጨው አለ ማለት ነው። ውኃ ሲተን ጨው አብሮት አይተንም፤ እዚያው ይቀራል። ባለቤቱ ለጥቂት ቀናት ቸል ብሎ 2 ሊትር ቢተን ያው 700 ግራም ጨው በ18 ሊትር ውስጥ ይቀራል፤ በሊትር ወደ 39 ግራም ተጠጋ ማለት ነው። ከኢንዶኔዥያ የመጣው ዓሣ ካለበት ሳይንቀሳቀስ፣ በዓለም ላይ እጅግ ጨዋማ ከሚባሉት ባሕሮች አንዱ ወደሆነው ወደ ቀይ ባሕር የተሰደደ ያህል ነው። 400 ሊትር በሚይዝ ገንዳ ላይ ይኸው 2 ሊትር ቢጎድል ለውጡ ግማሽ በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ "ትንሽ ገንዳ ለጀማሪ ይቀላል" የሚባለው ነገር የተገለበጠ ነው። ትንሽ ውኃ ስህተት አይሸከምም። የተነነው በየቀኑ መተካት አለበት፤ የሚተካውም ጨው በሌለበት ንጹህ ውኃ ነው።

ሌላም አለ። ዓሣ የሚጥለው ቆሻሻና ሳይበላ የቀረው ምግብ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። ይህን መርዝ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ቀለል ወዳለው ናይትሬት የሚቀይሩት ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱ በዐለቱና በአሸዋው ላይ በበቂ ቁጥር እስኪበዙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በእነዚያ ሳምንታት ገንዳው ባዶ ነው፣ የሚታይ ነገር የለውም፣ ገዢው ይሰለቻል። ብዙ ሰው ገንዳውንና ዓሣውን በአንድ ቀን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እዚህ ግን የሚፈሰው ሕይወት ነውና ተመልሶ አይለቀምም።

ታዲያ በዚህች ጠባብ ውኃ ውስጥ ማን መግባት የለበትም? "ፋይንዲንግ ዶሪ" የተሰኘው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ ልጆች የወደዱት ሰማያዊው ዓሣ ሱቅ ውስጥ ሲታይ የአውራ ጣት ያህል ነው። ሲያድግ ግን ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ቀኑን ሙሉ ሲዋኝ የሚውል ዓሣ ነው። ማንዳሪን የሚባለው ባለ ብዙ ቀለም ዓሣ በቁመቱ ትንሽ ስለሆነ ያታልላል። ምግቡ በዐለት ላይ የሚርመሰመሱ ደቃቅ ነፍሳት ናቸው፤ ትንሽ ገንዳ ደግሞ እነሱን በበቂ መጠን ማፍራት አይችልም። ብዙዎቹ ማንዳሪኖች የተዘጋጀ ምግብ አይነኩም፤ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ በረሃብ ያልቃሉ። ባለቤቱ በሽታ ይመስለዋል። "ኔሞ" በሚል ስም የሚታወቀው ክላውንፊሽ እንኳን ወደ 10 ሳንቲ ሜትር የሚያድግ፣ በሰው እጅ ከ20 ዓመት በላይ መኖር የሚችል ዓሣ ነው። 20 ሊትር ውስጥ ለ20 ዓመት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ነው።

የሚሆነው ዝርዝር አጭር ነው፤ አጭር መሆኑም ተገቢ ነው። ከ5 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ አንድ ዓሣ፦ ለምሳሌ ከካሪቢያን አካባቢ የሚመነጨውና በማራቢያ ጣቢያ በብዛት የሚፈለፈለው ኒዮን ጎቢ። ወይም 3 ሳንቲ ሜተር ተኩል ገደማ የሆነው፣ ኮራል ላይ ተቀምጦ የሚውለው ቢጫ ጎቢ። ሁለት ሦስት ቀንድ አውጣ፣ አንድ ሁለት በሰው ዛጎል ውስጥ የሚኖሩ ሸርጣኖች፣ ከሌላ ሰው ገንዳ ተቆርጦ የተሰጠ ለስላሳ ኮራል። ከለስላሳዎቹም ዞአንቲድ የሚባሉት አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተሰኘ ብርቱ መርዝ ስላላቸው በባዶ እጅ አይፈተጉም፣ በፈላ ውኃ አይቀቀሉም። አንዳንዴ ደግሞ ምርጡ መልስ ዓሣ የሌለበት ገንዳ ነው። አንድ ሽሪምፕና ጥቂት ቀንድ አውጣ ያሉበት ንጹህ ገንዳ፣ አምስት ዓሣ ተራ በተራ ከሚሞትበት ገንዳ ይልቅ ዕድሜ ይኖረዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም "ከየት መጣ?" የሚለው፣ ከሱቁ ግድግዳ ውጭ ይወስዳል። በወንዝና በሐይቅ ዓሣ ንግድ ውስጥ አብዛኛው የሚመጣው ከእርባታ ነው። በባሕር ዓሣ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ አብዛኛው ዛሬም ከኮራል ዐለት የሚያዝ ነው። ዋናዎቹ ላኪዎች ፊሊፒንስና ኢንዶኔዥያ ናቸው፣ ትልቋ ገዢ አሜሪካ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በፊሊፒንስ አንዳንድ አጥማጆች ሳያናይድ የተባለውን መርዝ በውኃ በጥብጠው ዐለቱ መሐል ይረጩ ነበር። ዓሣው ይደነዝዛል፣ በእጅ ይለቀማል። ኮራሉ ይሞታል፣ ዓሣውም ከሳምንታት በኋላ በማያውቀው አገር ሊሞት ይችላል። በሕግ ቢከለከልም ልማዱ በቀላሉ አልጠፋም።

የዚህን ንግድ ባሕርይ ከባንጋይ ካርዲናል በላይ የሚያሳይ ዓሣ የለም። ብርማ አካል፣ ጥቁር ሰንበር፣ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለው፣ 8 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ዓሣ ነው። የትውልድ ቦታው በኢንዶኔዥያ ማዕከላዊ ሱላዌሲ የሚገኙት የባንጋይ ደሴቶች ናቸው። ሳይንስ እ.ኤ.አ. በ1933 ስም አወጣለት፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርታት ተረሳ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፎቶግራፉ በአኳሪየም ወዳጆች ዘንድ ሲሰራጭ ገበያው ተነሳበት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዓመት ከ600 ሺህ እስከ 700 ሺህ የሚደርስ ይያዝ እንደነበር ተገምቷል። በዚያው ዘመን በባሕሩ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ቁጥር 2.4 ሚሊዮን ገደማ ነው ተብሎ ነበር።

ይህ ዓሣ ለዘመቻ የማይመች ያደረገው አወላለዱ ነው። ብዙ የባሕር ዓሦች እንቁላላቸውን በሺዎች ቁጥር ለማዕበል ይሰጣሉ፤ ጫጩቶቹ ተንሳፈው ሩቅ ይደርሳሉ። የባንጋዩ አባት ግን ጥቂት ደርዘን እንቁላል በአፉ ውስጥ ይታቀፋል። ከተፈለፈሉም በኋላ ቀናት ይዟቸው ይቆያል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አይበላም። ጫጩቶቹ ሲወጡ እዚያው ሰፈር፣ የባሕር ጃርት እሾህ መሐል ይጠለላሉ። አንድ የባሕር ወሽመጥ ከተራቆተ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚተካ የለም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ለመጥፋት የተቃረበ ብሎ መዘገበው። በዚያው ዓመትና በ2016 ንግዱ በሳይቲስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ይግባ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የመጀመሪያውን ያቀረበችው አሜሪካ፣ ሁለተኛውን የአውሮፓ ኅብረት ነው። ሁለቱም ጊዜ ሐሳቡ ተመልሶ ተሳበ። ኢንዶኔዥያ ጉዳዩን በራሷ ሕግ እንደምትይዝ ትከራከር ነበር።

እዚህ ላይ መሰማት ያለበት ክርክር አለ። የሩቅ አገር ሰው "ከባሕር የተያዘ አልገዛም" ሲል የደሴቱ አጥማጅ ምን ይብላ? ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። በብራዚል ሪዮ ኔግሮ ዳር ባለችው ባርሴሎስ ከተማ ብዙ ቤተሰብ ካርዲናል ቴትራ የተባለችውን ትንሽ ዓሣ እየያዘ ኖሯል። ዓሣዋ የምትኖረው ደኑ ሲቆም ስለሆነ ደኑን የሚጠብቅ ምክንያት ሆና ነበር። በሌላ አህጉር በእርባታ መመረት ስትጀምር የከተማዋ ገቢ ተጎዳ። ስለዚህ "እርባታ ሁሌ መልካም፣ ከዱር የመጣ ሁሌ ክፉ" ማለት ስንፍና ነው።

ግን ሁለቱ ዓሦች አንድ አይደሉም። ቴትራዋ በየዓመቱ ወንዙ ሲሞላ በብዛት ትራባለች፣ ውኃው ሲጎድል ብዛቷ በራሱ ጊዜ ያልቃል። ከዚያ ላይ መቅዳት ይቻላል። ባንጋዩ ዓሣ ግን በጥቂቱ ይወልዳል፣ ከሰፈሩ አይወጣም። አጥማጁም ከአንዱ ዓሣ የሚያገኘው ጥቂት ሳንቲም ነበር፤ አሜሪካ ሱቅ ሲደርስ ዋጋው በአሥር ዶላሮች ይቆጠራል። ትርፉ መሐል ላይ ይቀራል፣ የተራቆተው ባሕር ደግሞ ለአጥማጁ ልጆች ይተርፋል። ይህ ዓሣ በሰው እጅ በቀላሉ እንደሚራባም ተረጋግጧል፤ ከታይላንድ የእርባታ ጣቢያዎች በብዛት ሲላክ ቆይቷል። ለእሱ የሚሆነው መልስ እርባታ ነው። ለሌላው ዓሣ መልሱ በመረብ በጥንቃቄ የተያዘ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ዓሣ በራሱ መዝገብ ይታይ።

በእኛ አካባቢ ስለ ቀይ ባሕር ሲነሳ የሚታሰበው ወደብና መርከብ ነው። ከውኃው በታች ግን ሌላ የትም የማይገኙ ፍጥረታት አሉ። ፍሪድማኒ የተባለው ሐምራዊ ዓሣ የቀይ ባሕር ብቻ ነው፤ ከ7 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ዛሬ በዓለም ሱቆች የሚሸጠው አብዛኛው ከባሕሩ ሳይሆን ከማራቢያ ጣቢያ የመጣ ነው። 20 ሊትር አይበቃውም፤ ሰፋ ላለ ገንዳ ግን ባሕሩን ሳይጎዳ ቤት የሚገባ ዓሣ ነው። መንገዱ እንዳለ ይኸው ማስረጃ ነው።

ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ይባላል። የዚህ ንግድ አናት አጥማጁ አይደለም፤ ሱቅ ገብቶ ሳይጠይቅ የሚገዛው ሰው ነው። ሻጭ "የት ተፈለፈለ? ሲያድግ ስንት ይሆናል? ፊቴ ሲበላ ታሳየኛለህ?" የሚል ደንበኛ በበዛ ቁጥር መጋዘኑን ይለውጣል። መልስ የማይሰጥ ሻጭ ደግሞ መልሱን ሰጥቷል። 20 ሊትሯ ባዶዋን ብትከርም ማንም አይጎዳም።