ጎተራው ሰፋ፤ ጉዞው ቆመ

በማደሪያችን በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያላነበበ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። «የኢንተርኔቱ መስመር ጠባብ ስለ ሆነ ይስፋልን» ይላል። ከሥሩ ፊርማ ተደርድሯል፤ የእኔም አለበት። ዛሬ ግን ስለዚያ ፊርማ ጥቂት የምናገረው አለኝና ወንድሞቼና እኅቶቼ ታግሣችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማታ አንዱ ጓደኛችን ትልቅ ፋይል መላክ ሲጀምር የሌላው የስልክ ንግግር ይቆራረጣል፤ የሦስተኛው ገጽ አልከፈት ይላል፤ ወዲያውም «ኔትወርክ የለም!» የሚል ጩኸት ከክፍል ወደ ክፍል ይተላለፋል። እኔም ከጩኸታሞቹ አንዱ ነበርሁ። አንድ ማታ ግን ከመጮኽ መለካት ይሻላል ብዬ የአንዲት ትንሽ ፓኬት የደርሶ መልስ ጊዜ በፒንግ ለካሁ። ጓደኛዬ መላክ ሳይጀምር የዐይን ጥቅሻ ያህል እንኳ የማይሞላው ጊዜ፣ መላክ ሲጀምር ከሁለት ሰከንድ አለፈ። ልብ በሉ፤ ፓኬቷ አልጠፋችም፤ ደርሳ ተመልሳለች። ታዲያ ሁለት ሰከንድ ሙሉ የት ቆይታ መጣች?

ባፈር ውስጥ ነው የቆየችው። የሚላከው ፓኬት ሲበዛና መስመሩ ሲያዝ፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከርነል ፓኬቱን ተራው እስኪደርስ በማቆያ ያኖረዋል። ማቆያው ባይኖር ጥቂት ግፊያ በመጣ ቁጥር ፓኬት ይጣል ነበርና አስፈላጊነቱ አያከራክርም። የሚያከራክረው መጠኑ ነው። የታክሲ መጠበቂያው ቦታ ቢሰፋ ሰልፈኛው ይበዛል እንጂ ታክሲ አይጨመርም። በሊነክስ ከርነል ለኤተርኔት መሣሪያ ለብዙ ዘመን የተለመደው የሰልፍ ልክ 1000 ፓኬት ነበር። አንዱ ፓኬት 1500 ባይት ቢሆን፣ የሞላው ሰልፍ 12 ሚሊዮን ቢት ይሆናል፤ በሰከንድ 1 ሚሊዮን ቢት በሚያሳልፍ መስመር ላይ መጨረሻ የተሰለፈው ፓኬት 12 ሰከንድ ይጠብቃል ማለት ነው። ይህ በእርሳስ የሚሰላ ሒሳብ ነው።

እኔ ራሴ በፈተና ላይ «ባፈር በሰፋ ቁጥር የሚጠፋው ፓኬት ይቀንሳል» ብዬ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ሐሰት አልጻፍሁም። ነገር ግን የአንድ ፓኬት መጥፋት ራሱ መልእክት መሆኑን በዚያን ጊዜ ከቶ አላውቅም ነበር።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥቅምት 1986 በካሊፎርኒያ፣ በሎውረንስ በርክሊ ላቦራቶሪና በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ መካከል በሰከንድ 32 ኪሎ ቢት ይሄድ የነበረው መረጃ ወደ 40 ቢት ወረደ። ሁለቱ ቦታዎች የሚራራቁት 400 ያርድ ብቻ ነው፤ ወረቀቱን በእግር ይዞ መሄድ ይፈጥን ነበር። ቫን ጃኮብሰንና ማይክል ካረልስ ግን ሽቦ ይጨመርልን ብለው ፊርማ አላሰባሰቡም። የበርክሊውን ዩኒክስ ከርነል ኮድ መረመሩ። ላኪው ኮምፒዩተር ገና በጀመረበት ቅጽበት ያለውን ሁሉ ያወርዳል፤ የደርሶ መልሱን ጊዜ መዋዠቅም በደንብ ስለማይገምት፣ በመንገድ ላይ ያለውን ፓኬት እንደ ጠፋ ቆጥሮ ደግሞ ይልከዋል። የተጨናነቀው መስመር በድጋሚ በተላከ ፓኬት ይባስ ይታፈናል። ማሻሻያቸው በ1988 ታትሞ ወጣ፤ ላኪው በዝግታ ይጀምር፤ ፓኬት ሲጠፋበት መስመሩ እንደ ሞላ ተረድቶ መጠኑን ይቀንስ የሚል ነው። እንግዲህ የፓኬት መጥፋት ለላኪው «ቀስ በል» የሚል ቃል ሆነ።

ከዚያ ማስታወሻ ረከሰ። መሐንዲሶችም ፓኬት መጣልን እንደ ነውር ቆጥረው በሞደሙም፣ በራውተሩም፣ በከርነሉም ማቆያውን አሰፉት። ማቆያው ሰፊ ሲሆን ፓኬት የሚጠፋው እጅግ ዘግይቶ ነው፤ ላኪው «ቀስ በል» የሚለውን ሳይሰማ ይነዳል። በ2010 ጂም ጌቲስ ከቤቱ ትልቅ ፋይል ሲልክ የደርሶ መልሱ ጊዜ ከአንድ ሰከንድ በላይ ሲሆንበት ነገሩን ተከታትሎ ደረሰበት፤ ጉድለቱም ባፈርብሎት ተባለ። የዚህ ጉድለት ክፋቱ ዝምታው ነው። ከርነሉ አይወድቅም፤ የስሕተት ማስታወቂያ አይወጣም፤ ፍጥነት ብትለኩ መስመሩ ሙሉ ነው። ክፍሎቹ ሁሉ ሥራቸውን በደንብ እየሠሩ ነው።

በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ያው ጃኮብሰን ኮድል የተባለውን ዘዴ አወጡ። (ሰውዬው የራሱን ጥገና ሌላው ሲያበላሽበት ከ24 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ!) ኮድል የሰልፉን ርዝመት አይቆጥርም፤ እያንዳንዱ ፓኬት ስንት ጊዜ እንደ ቆየ ይለካል። ቆይታው ለ100 ሚሊ ሰከንድ ያህል ከ5 ሚሊ ሰከንድ ዝቅ ሳይል ከቀረ ፓኬት መጣል ይጀምራል። በዚያው ዓመት ኤሪክ ዱማዜ ለእያንዳንዱ የመረጃ ፍሰት ሰልፉን ከሚለይ አሠራር ጋር አጣምሮ በሊነክስ 3.5 አስገባው። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ ረጅምም አይደለም።

«የእኛ መስመር በእርግጥ ጠባብ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አልክድም። ጠባብነት ግን አንድ ነገር ነው፤ በሰልፍ ውስጥ መቆየት ሌላ ነው። ጠባቡን መስመር በእጥፍ ብናሰፋው የሁለት ሰከንዱ ቆይታ አንድ ሰከንድ ይሆናል፤ በአንድ ሰከንድ መዘግየትም ስልክ መነጋገር አይቻልም። «ከርነል መመርመር የፈረንጅ ሥራ ነው» የሚለውን ክርክር ግን ከኮምፒዩተር ተማሪ አፍ ስሰማ እንደማፍር አልሸሽግም። ለዚህ ጉድለት የሚያስፈልገው አንድ ሰዓት፣ ፒንግና ለማንበብ ትዕግሥት ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። በየላፕቶፓችን ኮድል ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ ሰልፉ የሚጠራቀመው በጠባቡ በር፣ ማለት ከግቢው በሚያስወጣው መሣሪያ ላይ ነውና። እዚያ ላይ የመላኪያው መጠን ከመስመሩ አቅም በጥቂቱ ዝቅ ቢደረግ፣ ሰልፉ ልናዝበት ወደማንችለው ሞደም መሄዱ ቀርቶ ኮድል ወዳለበት ከርነል ይመጣል።

ፊርማዬን አልሰረዝሁም። ትናንት ማታ በእስክሪብቶ ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጨመርሁበት፦ «መስመሩ ከመስፋቱ በፊት በመውጫው መሣሪያ ላይ ያለው ሰልፍ ይለካልን፤ ለክተን የምናሳይ ሁለት ተማሪዎች አለን።» ሁለተኛውን ተማሪ ገና እየፈለግሁ ነው።