ሰንጋው ኮሶውን ከእኛ ነው የወሰደው

እኩዮቼ፣ የቅርጫውን ገንዘብ የምንሰበስበው፣ ገበያ ወርደን ሰንጋውን የምንመርጠው፣ ብልቱ ሲወጣ ቆመን መደቡን የምናስተካክለው እኛ ነን። ከሻኛው ቆረጥ አድርገን የልጅ ልጃችንን በጥሬው የምናጎርሰውም እኛው ነን። ስለዚህ የዛሬው ነገሬ ለወጣቱ ሳይሆን ለእናንተ ነው።

ሥጋ ከተበላ ኮሶ አይቀርም እያልን አርጅተናል። አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ ሲጠጡ አይተን፣ ነገሩን እንደ ክረምትና በጋ መፈራረቅ ተቀበልነው። በሬው ግን ኮሶውን ከየት አመጣው? ከሚግጠው ሣር ነው። ሣሩ ላይ የጣለው ደግሞ ሜዳ የተጸዳዳ ሰው ነው። ይህ ትል ጎልምሶ እንቁላል የሚጥለው በሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው፤ ሌላ ቤት የለውም። ከሰው የሚወርደው አንዱ ነጭ ቁራጭ ብቻ እስከ 100,000 እንቁላል ሊይዝ ይችላል። እንቁላሉ በሬው ሆድ ሲገባ ይፈለፈላል፤ አንጀቱን በስቶ፣ ከደሙ ጋር ሄዶ ጡንቻው ውስጥ ይሰፍራል። እዚያ ውኃ የቋጠረች፣ ከ1 ሳንቲ ሜትር የማትበልጥ ነጣ ያለች ከረጢት ይሆናል፤ የትሉ ራስም በውስጧ ነው። እሷን ከቁርጡ ጋር የዋጠ ሰው፣ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ብዙ ሜትር የሚረዝም ትል ተሸክሞ ይዞራል። መልሶ ሜዳ ከወጣም ለሚቀጥለው ዓመት ሰንጋ ዘራለት ማለት ነው።

ቄራ የሚሠራው የሥጋ መርማሪ የመንጋጋውን ሥጋ፣ ምላሱን፣ ልቡንና ወርቹን በቢላ እየሰነጠቀ የሚያየው ይህችኑ ከረጢት ፍለጋ ነው። እኛ ዛፍ ሥር ቅጠል ጎዝጉዘን ስናርድ ማን ሰነጠቀልን? የመርማሪው ቢላም ቢሆን ከረጢቶቹ ጥቂት ሲሆኑ ይስታል። ማኅተም ያለበት ሥጋ ነው ብሎ በጥሬው መብላትም ዋስትና የለውም።

ሚጥሚጣው ይገድለዋል፣ አረቄው ያቃጥለዋል የምትሉትን ተዉት። ሚጥሚጣና አዋዜ ምላስ ያቃጥሉ እንደሆነ እንጂ ሥጋው ውስጥ የተቀመጠውን አይነኩትም። ለብ ለብ ያለ ክትፎም ከጥሬው ብዙም አይሻልም። ሥጋው መሀሉ ድረስ ቅላቱ ጠፍቶ መብሰል አለበት። ጥሬ ካልሆነ አልበላም የሚል ካለ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚያወርድ ማቀዝቀዣ ቢያንስ ሳምንት ሙሉ ደርቆ ይቆይለት፤ ያውም መብራት የማይቆራረጥ ከሆነ ነው። ተራው የፍሪጅ ቅዝቃዜ አይበቃም።

ኮሶ መቼ ሰው ገደለ ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ አይገድልም። ልጅ ግን ሆዱን እያመመው፣ ምግብ እያስጠላው፣ በልብሱ ላይ በሚያገኘው ነገር እያፈረ ሊከርም ይችላል። እኛ በጉርሻ ያስገባነውን እሱ ለማን ይናገር? መድኃኒት ነው ብላችሁም የኮሶውን አበባ በግምት እየወቀጣችሁ አታጠጡት። የበዛ እንደሆነ ዐይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል፤ ለነፍሰ ጡርማ ጭራሽ አይታሰብም። ትሉ ተበጥሶ ወርዶ ራሱ አንጀት ላይ ተጣብቆ ከቀረ ደግሞ እንደገና ያድጋል። ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ የሚባሉት ለዚሁ የሚሰጡ ናቸው። ለሌላው የሆድ ትል የሚታደለው ኪኒን ሁሉ ለኮሶ አይሆንም።

ለመጪው በዓል ቅርጫ ስንቀመጥ፣ ገንዘቡ ሳይቆጠር ሁለት ነገር እንቁረጥ። ከመደቡ ልጅን በጥሬው የሚያጎርስ እንዳይኖር፣ የጉርሻውም ሥጋ ምጣድ ላይ በደንብ በስሎ እንዲቀርብ። ሽንት ቤት ያልቆፈረ ጎረቤት ካለም፣ አቅም ያነሰው እንደሆነ ጉድጓዱን በደቦ የምንቆፍርለት ቀን እዚያው ይወሰን፤ ከብቶቻችን የሚግጡት የጋራ ሜዳ ነውና።