በዓል በቤት ይሠራል እንጂ ከገበያ አይገዛም



የልደት በዓል በቀረበ ቁጥር በእንግዳ ማረፊያው ገበታ ዙሪያ አንድ ንግግር ይደጋገማል። ንግግሩም፦ «በአገር ቤት በገጠር የሚከበረው ገና፣ ገና አይባልም፤ ጠላና ዳቦ ብቻ ነው። እውነተኛውን ገና ማየት የሚፈልግ መብራቱን፣ ያሸበረቀውን ዛፍና በወረቀት የተጠቀለለውን ስጦታ ይይ» የሚል ነው። ከተሳላሚዎችም መካከል ይህን አሳብ ተቀብለው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ብልጭልጩን መብራት በሻንጣ የሚያጭቁ፣ በገጠር ላሉ ወላጆቻቸውም «ዘንድሮስ እንደ ሰው አክብሩ፤ ጊደሪቱን ሽጡ» ብለው የሚልኩ አሉ። ነገሩ ቀላል መስሎ ስለሚታይ ብዙ ሰው በዝምታ ያልፈዋል። ዝም ሊባል ግን አይገባውም፤ ሰውን በጌታው የልደት ቀን በገዛ ቤቱ እንዲያፍር ያደርገዋልና።

እኛ የምንለው ይህ ነው። ባለው ነገር የተሰናዳ፣ በቤተሰብ እጅ የተሠራ የገጠር በዓል የከተማው በዓል ጉድለት አይደለም። ከቤተ ልሔሙ ግርግም ጋር የሚስማማ አከባበር ቢኖር እርሱ ነው። ለታይታ ተብሎ በዕዳ የተገዛው በዓል ግን የቱንም ያህል ቢያበራ ባለቤቱ የሌለበት በዓል ነው።

የገጠሩ በዓል እንዴት እንደሚሰናዳ የረሳ ካለ ያስታውስ። ዝግጅቱ የሚጀምረው በዋዜማው ገበያ አይደለም፤ ጾመ ነቢያት ከሚገባበት ከኅዳር አጋማሽ አንሥቶ ቤቱ በጾምም በሥራም ይሰናዳል። ወራቱ የመከር ወራት ነው፤ ገብሱ ታጭዷል፣ ጤፉም ወደ አውድማ እየገባ ነው። እናት ጌሾውን ወቅጣ፣ ብቅሉን አዘጋጅታ፣ በወይራ በታጠነ እንስራ ጥንስሱን ትጠነስሳለች። ጥቂት ቀን ቆይቶ እንኩሮው ይገባና ድፍድፍ ይሆናል፤ በኋላም ውኃ ተጨምሮበት አፉ ይከደናል። ድፎ ዳቦው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ከላይም ከታችም እሳት ይነድበታል። ልጆች ቄጤማ አጭደው ይጎዘጉዛሉ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወሰደው ጧፍ ከቀፎው ሰምና ከእናት የጥጥ ፈትል ይሠራል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ከሱቅ የመጣው ምንድን ነው? ጨውና ጥቂት ቅመም ይሆናል። የቀረው ከሰው ጉልበትና ከእግዚአብሔር ዝናም የተገኘ ነው። ስለዚህም ገበሬው ከገበታው ፊት ቆሞ ሲያመሰግን ስለሚያውቀው ነገር ያመሰግናል፤ የዘራውን፣ ያረመውን፣ ውርጭና ተምች እንዳያጠፋበት የጸለየለትን እህል በፊቱ ያያልና።

ሥጋውም ቢሆን ለአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ጎረቤቶች ተባብረው አንድ በሬ ይገዙና ቅርጫ ያርዳሉ። ሥጋው ከየብልቱ እየተመዘነ በእኩል መደብ ይከፈላል፤ ዕጣ ይጣላል፤ ባለጠጋውም ድኻውም የደረሰውን መደብ ያነሣል። እጅ ያጠረውንም ሰው እህሉን እስኪሸጥ ድረስ ባልንጀሮቹ ያለ አራጣ ይታገሡታል። ከቀትር በኋላ ደግሞ ሽማግሌና ጎልማሳ፣ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ወጥተው በቈልማማ ዱላ ሩር ይመታሉ። አበው ይህን ጨዋታ እረኞች የልደቱን የምሥራች በሰሙ ጊዜ በበትራቸው ከተጫወቱት ደስታ ጋር ያያይዙታል። በዚያች ቀን ጌታ በሎሌው መምታትና መግፋት አይቆጣም። ከገበያ የተገዛ የትኛው ዕቃ ነው ይህን እኩልነት የሚያመጣ?

አሁን ወደ ቤተ ልሔም እንሂድ፤ ብዙዎቻችሁ በእግራችሁ የረገጣችሁት ስፍራ ነውና። የልደቱ ቤተ ክርስቲያን መግቢያ የትሕትና በር ይባላል፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ጎንበስ ሳይሉ አይገባበትም። ጎንበስ ብሎ የገባም ተሳላሚ ወርዶ የሚደርሰው ወደ ዋሻ ነው። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 2 እንደ ተጻፈው ለእረኞቹ የተሰጠው ምልክት በጨርቅ የተጠቀለለና በግርግም የተኛ ሕፃን ነበር። የከተማው ልጅ ግርግምን በሥዕል ያውቀዋል፤ የገጠሩ ልጅ ግን ጥጃው ጭድ ሲበላበት ማታ ማታ ያየዋል፤ በብዙ መንደር ከብቱና ሰው በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉና። ስለ ልደቱ የተነገረው ቃል ሳይተረጎምለት የሚገባው ይህ ልጅ ሆኖ ሳለ፣ በረዶ ወርዶበት በማያውቅ መንደር የጥጥ በረዶ የተነሰነሰበት የፕላስቲክ ጥድ አምጥተን «ገና ይህ ነው» እንበለው? ከእጁ ያለውን እውነት ነጥቀን የሩቅ አገር ክረምት ሥዕል እንስጠው?

ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ አለ። በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 12 በተሠራው ሕግ ወንድ ልጅ የወለደች ሴት በ40ኛው ቀን ጠቦት ታቀርብ ነበር፤ ጠቦት ለመግዛት አቅም ያጣች ግን ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት እንድታመጣ ሕጉ ፈቀደላት። እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ቤተ መቅደስ በወጣች ጊዜ የቀረበው መሥዋዕት ይህ የድኾቹ መሥዋዕት እንደ ነበረ ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፎልናል። እንግዲህ ልብ በሉ! ጌታን የወለደች እናት ለጠቦት አልተበደረችም። «ሰው ምን ይለኛል» ብላም አልቀረችም። በአቅሟ አቀረበች፤ የቀረበውም ተቀባይነት አገኘ። ለልደቱ በዓል በግ ለመግዛት አራጣ የሚበደር ሰው ከማን ሊበልጥ ይወዳል?

የሚቃወሙን ሰዎች ግን መልስ አያጡም። አንደኛ፦ «ሰብአ ሰገል ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ አላመጡምን?» ይላሉ። አምጥተዋል። ነገር ግን የማቴዎስ ወንጌል እንደሚመሰክረው የራሳቸውን ሣጥን ከፍተው ከሀብታቸው አቀረቡ፤ ከሌላው ሣጥን ተበድረው አላመጡም። ስጦታውንም ለሕፃኑ ሰጡ፤ እርስ በርሳቸው ተሰጣጥተው ሕፃኑን አልረሱትም። ወርቅ ያለው ሰው ዛሬም ወርቁን ያምጣ፤ መንገዱም ተዘግቶ አይደለም፤ የተራበው ጎረቤትና ጣራው የሚያፈስ የገጠር ቤተ ክርስቲያን በፊቱ አሉ።

ሁለተኛ፦ «እናንተ መነኮሳት ሕዝቡ በድህነት እንዲኖር ትፈልጋላችሁ» ይሉናል። ይህ ክስ ከባድ ስለሆነ በግልጽ እንመልሳለን። ድህነት ቀላል ኑሮ አይደለም፤ ልጅ ታሞ ሐኪም ማጣት ነው፤ እህል እያለቀ ሳለ መከር አለመድረሱ ነው። እኛ ለገጠሩ መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤትና ንጹሕ ውኃ እንዲገባለት እንጸልያለን፤ የሚችልም ይርዳ እንላለን። ለልጅ አዲስ ልብስ መግዛት፣ ለሽማግሌ አባት ጋቢ መላክም ፍቅር ነው። እኛ የምንነቅፈው ድኻውን የበለጠ ድኻ የሚያደርገውን በዓል ነው። ጊደሪቱ ብትቆይ ወልዳ ቤቱን ወተት ታጠጣ ነበር፤ ለአንድ ቀን ብልጭልጭ ስትሸጥ ግን በዓሉ በማግሥቱ ያልቃል፤ ጉድለቱ ለዓመታት ይቀራል። የድኻ ወዳጅ ማን እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቅ።

ሦስተኛውን ጥያቄ ግን የሚጠይቀን ሰው እውነት አለው። «በእጅ የተሠራ ብላችሁ ታመሰግናላችሁ፤ በማን እጅ?» ይለናል። አዎን፤ ጌሾ የወቀጠች፣ ከወንዝ ውኃ የተሸከመች፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ያመሸች፣ ሌሊት ሰው ሁሉ ወደ ማሕሌት ሲሄድ ከምድጃ ሥር የቀረች ሴት አለች። ባል ነጠላውን አጣፍቶ «የእኛ ቤት በዓል እንዴት ደስ ይላል!» ቢል፣ የተደሰተው በሌላው ድካም ነው። በዓሉ ቀላል ነው ለመባል ለእርስዋም ቀላል ሊሆን ይገባል። ወንዱ እንጨት ይፍለጥ፤ ውኃውን ይሸከም፤ ሦስት ዓይነት የታሰበው ወጥ አንድ ይሁን፤ እርስዋም ቆማ ታስቀድስ። በድንጋይ መፍጨት ቀርቶ እህሉ በወፍጮ መኪና ቢፈጭም በዓሉ አይጎድልም፤ ለእናት ጉልበት የሚራራ መኪና የበዓል ጠላት አይደለምና።

ከእኛም ከመነኮሳቱ ወገን «በዓል በቤተ ክርስቲያን ነው፤ በቤት የሚደረገው የሆድ ነገር ነው» የሚሉ ጽኑዓን አሉ። እነርሱም የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ያስተውሉ። ልደት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል እንኳ በዚያች ቀን አይጾምም። ሌላውን ጊዜ ሁሉ አጥብቃ የምታስጾም እናት ቤተ ክርስቲያን በዚህች ቀን ልጆቿን «ብሉ፣ ደስ ይበላችሁ» ካለች፣ በንጹሕ ልብ የተቈረሰውን የገበሬውን ዳቦ የሚንቅ ማን ነው? ቅዳሴው ሲፈጸም በዓሉ አያበቃም፤ ከቤተ መቅደስ ወጥቶ ወደ ጎጆው ይገባል።

መብራትና ጌጥ ከሌለ በዓል አይሆንም የሚል ደግሞ የቅርቡን ዘመን ያስብ። በ2016 ዓ.ም. በጋዛ በነበረው ጦርነት ምክንያት የኢየሩሳሌም ፓትርያርኮችና የአብያተ ክርስቲያናት አለቆች ምእመናን በልደት ሰሞን አላስፈላጊ የሆነውን የበዓል ትርኢት እንዲተዉ ጠየቁ። በዚያ ዓመት በቤተ ልሔም አደባባይ የተለመደው ታላቅ ዛፍ አልቆመም፤ መብራቱም አልተሰቀለም። ከሐዘኑ የተነሣ የሆነ ነገር ስለሆነ በደስታ የምናወሳው አይደለም። ነገር ግን በዋሻው ጸሎቱ አልተቋረጠም፤ ቅዳሴውም ተቀደሰ። ዛፉ ሳይቆም ልደቱ ከተከበረ፣ በዓሉ የተመሠረተው በዛፉ ላይ እንዳልነበር የታወቀ ነው።

ተሳላሚዎች ሆይ! በዴር ሡልጣን ሰገነት ላይ ያሉትን የአባቶቻችንን ትንንሽ ጎጆዎች ባያችሁ ጊዜ «የአገራችንን መንደር ይመስላሉ» ብላችሁ ልባችሁ ይነካል፤ እንባ የሚያፈስም አለ። መልካም ነው። ነገር ግን በኢየሩሳሌም ጎጆውን ስሞ በአገሩ የእናቱን ጎጆ በዓል የሚንቅ ሰው መሳለሙ ምን ረባው? ስለዚህ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ጠበሉንና ከመቃብሩ የበራውን ሻማ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያያችሁትንም ግርግም ለልጆች ንገሯቸው። ከሩቅ ሆናችሁም ስልክ ብትደውሉ «ምን ገዛችሁ?» አትበሉ፤ «ማንን ጠራችሁ?» በሉ። ገንዘብ የምትልኩ ብትሆኑ የቆየውን ዕዳ የሚያስለቅቅ እንጂ አዲስ ዕዳ የሚጠራ በዓል አታዝዙ። ወላጆቻችሁ ጠላውን ቀድተው፣ ዳቦውን ባርከው፣ ባልቴቷን ጎረቤት ከገበታው ራስ ሲያስቀምጡ ያን ጊዜ የጎደለባቸው ነገር የለም፤ አትፈሩባቸው።

በቤተ ልሔም ማደሪያ ያጣው ጌታ በየቤታችን ስፍራ እንዲያገኝ ቸርነቱ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።