እናት ለአራስ ልጅ ሲጓዙ

እናትዎ የወለደች ልጃቸውን ለማረስ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሊጓዙ ነው እንበል። የአየሩ መንገድ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅ ይዞ ለመነሳት ስለሚቸገር በመንገድ አርፎ ይቀዳል። ስለዚህ መሄጃው 17 ሰዓት ያህል ሲፈጅ፣ ነፋስ የሚያግዘው መመለሻ ግን 13 ሰዓት ገደማ ነው።

የግድግዳ ሰዓት እንዳያታልልዎ። በክረምታችን ዋሽንግተን በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ማታ በ4 ሰዓት ተነስተው በማግስቱ ጧት በ2 ሰዓት ቢደርሱ፣ የተጓዙት 10 ሰዓት ብቻ ይመስላል፤ ሰውነታቸው የሚያውቀው ግን 17ቱን ነው። ብዙ መቀመጥ በእግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። በየጊዜው ተነስተው እንዲንቀሳቀሱ ይንገሯቸው። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም፣ የመውሰጃውን ሰዓት ከሐኪም ጋር አስቀድመው ይወስኑ፤ መድኃኒቱም ከእጅ ቦርሳቸው አይለይ። በርበሬውና ሽሮው ከመቋጠሩ በፊት ይህ ይታሰብ።