«ይሄማ ፌክ ነው!» ለሚሉ ልጆች ሦስት ፊልሞች

የዚህ ወር የፊልም ገጻችን የሚጀምረው ብዙዎቻችሁ ሳሎን ውስጥ ከምትሰሙት አንድ ቃል ነው። «ፌክ!»

ነገሩን ታውቁታላችሁ። እናት ወይም አባት አንድ የአገር ቤት ፊልም ይከፍታሉ። ሽጉጡ ተተኩሶ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል፣ ደሙ ቀለም መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል፣ የተመታው ሰውዬ ከመውደቁ በፊት መውደቂያውን ቃኘት ያደርጋል። ልጁ ከስልኩ ቀና ይልና «ይሄማ ፌክ ነው» ብሎ ተመልሶ ያቀረቅራል። እናትና አባት ትንሽ ይከፋቸዋል፤ ፊልሙን ግን ዝም ብለው ያያሉ።

በመቶ ሚሊዮን በሚቆጠር ዶላር የተሠራ ፊልም እያየ ያደገ ልጅ ዓይኑ ቢመርጥ አይፈረድበትም። ችግሩ ነገሩ ፊልም ላይ ብቻ ላይቆም ይችላል። «የእናንተ ፊልም ፌክ ነው» ማለት የለመደ ልጅ፣ ቀስ በቀስ ከአገር ቤት የመጣ ነገር ሁሉ እንደ ርካሽ ሊታየው ይችላል። መቆጣት ደግሞ ምንም አይጠቅም፤ በቁጣ ፊልም የወደደ ልጅ አልታየም። ስለዚህ በዚህ ወር ሌላ መንገድ እንሞክር። ፌክነታቸውን የማይደብቁ፣ ግን በመላው ዓለም አድናቂ ያላቸው ሦስት ፊልሞችን አብረን እንይ። አንዱ ከጃፓን፣ አንዱ ከኡጋንዳ፣ አንዱ ደግሞ በአማርኛ የተሠራ ነው። እንዲህ ያሉትን «ከልት» ፊልሞች ይሏቸዋል። የወደዳቸው ሰው ጥቂት ይሁን ብዙ፣ አንዴ ከወደዳቸው ግን አይለቃቸውም። ንግግራቸውን በቃሉ ይዞ ለአሥረኛ ጊዜ ያያቸዋል።

ጎድዚላ፦ ጎማ የለበሰው ሰው

ልጆቻችሁ ስሙን ከሚያውቁት እንጀምር። አዲሶቹን ጎድዚላዎች አይተው ይሆናል። የመጀመሪያው ግን በ1954 ጃፓን ውስጥ የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ኢሺሮ ሆንዳ ነው። የጃፓንኛ ስሙ «ጎጂራ» ሲሆን፣ ጎሪላ እና ኩጂራ ከሚሉት ሁለት ቃላት የተሰፋ ነው። ኩጂራ ማለት ዓሣ ነባሪ ነው።

ዛሬ ሲታይ አውሬው ጎማ የለበሰ ሰው መሆኑ አይጠፋችሁም። እውነትም ጎማ የለበሰ ሰው ነው! ሃሩኦ ናካጂማ የሚባል ተዋናይ ነው። ልብሱ ወደ 100 ኪሎ ይጠጋ ስለነበር በመጀመሪያው ልብስ መራመድ እንኳን አቅቶት፣ ሌላ ቀለል ያለ ተሠራለት። የልዩ ትዕይንቱ ኃላፊ ኤጂ ጹቡራያ የአሜሪካኑን «ኪንግ ኮንግ» ይወድ ነበር። አሻንጉሊትን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ ፎቶ በማንሳት እንደዚያው ሊሠራ አሰበ፤ ግን ጊዜውም ገንዘቡም አልተገኘም። ስለዚህ ሰውን ልብስ አለበሰው፤ ትንሽ የቶኪዮ ከተማ አሠርቶ አስረገጠው። ያ የችግር መፍትሔ ራሱን የቻለ የፊልም አሠራር ሆኖ ቀረ።

ድምፁንስ? ያ የሚታወቀው ጩኸት የአንበሳ ወይም የዝሆን አይደለም። የሙዚቃ ደራሲው አኪራ ኢፉኩቤ ኮንትራባስ የሚባለውን ትልቅ ባለአውታር መሣሪያ ይዞ፣ አውታሩን ሙጫ በተቀባ የቆዳ ጓንት ፈተገው። የተቀዳውን ድምፅ ቀስ አድርገው ሲያጫውቱት አውሬ ወጣው። ይህንን ለልጆቻችሁ ከነገራችኋቸው ቤት ያለውን ነገር ሁሉ መፈተግ ስለሚጀምሩ ተጠንቀቁ።

እንግዲህ ቁም ነገሩ። ልብሱ ፌክ ነው፤ ፍርሃቱ ግን የእውነት ነው። በ1954 መጋቢት ወር (በፈረንጆቹ) አሜሪካ በቢኪኒ ደሴቶች የሃይድሮጂን ቦምብ ሞከረች። 23 ዓሣ አጥማጆች የያዘች አንዲት የጃፓን ጀልባ አካባቢው ላይ ነበረችና መርዛማው አመድ ዘነበባት። ከመርከበኞቹ አንዱ መስከረም ላይ ሞተ። ፊልሙ የወጣው በዚያው ዓመት በኅዳር መጀመሪያ ነው። የሚጀምረውም ባሕር ላይ በምትጠፋ ጀልባ ነው። ሒሮሺማና ናጋሳኪ ከተቃጠሉ ገና 9 ዓመታቸው ነበር። ሲኒማ ቤት የተቀመጠው ጃፓናዊ ጎማውን ሳይሆን ያንን እሳት ነበር የሚያየው። ከተማው ሲነድ አንዲት እናት ልጆቿን አቅፋ፣ በቅርቡ አባታችሁ ጋ እንሄዳለን የምትላቸው ቦታ አለ። እዚያ ጋ «ፌክ ነው» የሚል ልጅ የለም።

ደግሞ ለማወዳደር «ጎድዚላ ማይነስ ዋን» የሚለውን የ2023 ፊልም ጨምሩበት። በልዩ ትዕይንት ኦስካር ያገኘ የመጀመሪያው ጎድዚላ ነው። ትዕይንቶቹን የሠሩት 35 ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ዳይሬክተሩ ታካሺ ያማዛኪም አብሮ ሠርቷል። ከሆሊውድ ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ቡድን ነው።

ለማን ይሆናል? ከ10 ዓመት በላይ ላሉ። የ1954ቱ መሐሉ ላይ ቀዝቀዝ ይላል፤ እውነቱን ለመናገር ሳይንቲስቶቹ ሲሰበሰቡ ትንሽ እንቅልፍ ያመጣል። መጨረሻው ግን ይክሳል። ካያችሁ በኋላ ልጆቻችሁን ጠይቁ፦ አውሬውን የሚገድል ነገር ብታገኙ፣ ግን ነገ ሰው መግደያ ሊሆን እንደሚችል ብታውቁ፣ ታወጡታላችሁ ወይስ ትደብቁታላችሁ? ዶክተር ሴሪዛዋ የሚባለው ሰው ጭንቀት ይኸው ነው።

ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?፦ ከዋካሊጋ የመጣው

አሁን ወደ ጎረቤት እንምጣ። ካምፓላ ውስጥ ዋካሊጋ የሚባል የድሃ ሠፈር አለ። እዚያ አይዛክ ናብዋና የሚባል ሰው የሠፈሩን ልጆች ሰብስቦ የአክሽን ፊልም ይሠራል። ሥራ ቦታቸውንም «ዋካሊውድ» ብለውታል። በ2010 የሠሩት «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» ወጪው ከ200 ዶላር አይበልጥም ይባላል። አዎ፣ ሁለት መቶ። አንዳንዶቻችሁ ለቤተሰብ አንድ ቀን መዝናኛ ቦታ ሄዳችሁ የምታወጡት ነው።

መሣሪያዎቹ ከወዳደቀ ብረት የተበየዱ ናቸው። ሄሊኮፕተሩ ከካምፓላ ፎቆች በላይ እንደ ዝንብ ይዞራል፤ ፎቆቹም በኮምፒውተር እሳት ይጋያሉ። ናብዋና ኮምፒውተሩን ራሱ ገጣጥሞ፣ ራሱ ቀርጾ፣ ራሱ አቀነባብሮ ነው የሠራው። ታሪኩ ቀላል ነው። ካፒቴን አሌክስ ወንበዴዎችን ሊያጠፋ ይነሳል፣ ከዚያ ይገደላል። «አክተር አይሞትም» እያልን ላደግን ሰዎች ይህ ትልቅ ድፍረት ነው! ወንድሙ፣ የኡጋንዳው ብሩስ ሊ፣ ገዳዩን ፍለጋ ይመጣል። ገዳዩ ማን ነበር? ፊልሙ አልቆ እንኳን አይነገራችሁም። እንዲህ ያለ ፊልም አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እኛን ከሁሉ የገረመን ግን ሌላ ነገር ነው። በኡጋንዳ ቪዲዮ ቤቶች «ቪጄ» የሚባል ሰው አለ። የውጭ ፊልም ሲታይ ማይክ ይዞ በሉጋንዳ ይተረጉማል፣ ይቀልዳል፣ ለተዋናዩ ምክር ይሰጣል። «ካፒቴን አሌክስ» ላይም ቪጄ ኤሚ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብሯችሁ ያወራል፤ ይህኛው ለውጭ ተመልካች እንዲሆን በእንግሊዝኛ ነው። ፊልሙ ሲዳከም እሱ ያሟሙቀዋል፣ ስህተት ሲታይ ከእናንተ ቀድሞ እሱ ይስቃል። «ፌክ ነው» ለማለት ጊዜ አይሰጣችሁም፤ እሱ ራሱ ቀድሟችኋል፣ ደግሞም ኮርቶበት ነው የሚስቀው።

ወላጆች ይህንን ነገር ታውቁታላችሁ። ቪዲዮ ቤት ገብቶ የካራቴ ወይም የሕንድ ፊልም ያየ የሠፈር ልጅ፣ ላላዩት በምልክትና በ«ዲሽ ዲሽ» ሲተርክላቸው ያልሰማ ማን አለ? አገር ቤት ዛሬም «ትርጉም ፊልም» ብሎ አንድ ሰው ከፊልሙ በላይ በአማርኛ እየተረከ የሚታይ አለ። ልጆቻችሁ ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ሰው ጌም ሲጫወት እያወራ የሚያዩት እኮ የዚያው ዘመድ ነው። ለልጆቻችሁ እንዲህ ብላችሁ ንገሯቸው፤ «ይሄንን እኛ ድሮ እናውቀው ነበር» ብትሉ አትዋሹም።

ለማን ይሆናል? ከ14 ዓመት በታች አንመክርም። ደሙ ቀለም ቢሆንም ብዙ ነው፤ ተኩሱ አያባራም፣ አልፎ አልፎም ስድብ አለ። ወላጅ አስቀድሞ ቢያየው ይሻላል።

ክረምብስ፦ አማርኛ የሚናገር የሳይንስ ልብወለድ

ሦስተኛው «ክረምብስ» ነው፤ «ፍርፋሪ» ማለት ነው። የ2015 ፊልም ሲሆን፣ ርዝመቱ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ዳይሬክተሩ ሚጌል ያንሶ ስፔናዊ ነው፤ ተዋንያኑና ቋንቋው ግን የእኛው ናቸው። ዳንኤል ታደሰ እና በአማርኛ ፊልሞች የምታውቋት ሰላም ተስፋዬ ይተውኑበታል። ከፊሉ የተቀረጸው ዳሎል ላይ ነው። ዳሎልን ያየ ሰው ሌላ ዓለም ለመምሰል ኮምፒውተር እንደማያስፈልገው ያውቃል። ቢጫና አረንጓዴው መሬት ራሱ ሌላ ፕላኔት ነው።

ዓለም ጠፍታለች። የቀሩት ጥቂት ሰዎች ፍርስራሽ ውስጥ ይኖራሉ። ሰማይ ላይ አንድ ትልቅ፣ ዝም ያለ መንኮራኩር ለዓመታት ተንጠልጥሏል። ዳንኤል የሚጫወተው ሰውዬ ከፍቅረኛው ጋር ባረጀ የቦውሊንግ መጫወቻ ቤት ይኖራል። ከወዳደቀ ነገር እየለቀመ ይተዳደራል። አንድ ቀን መንኮራኩሩ የተንቀሳቀሰ ይመስላል። ሰውዬው ደግሞ እኔ የዚህ ምድር ሰው አይደለሁም፣ ወደ አገሬ የሚመልሰኝ ይህ ነው ብሎ ያምናል። መንገድ ይጀምራል፤ መንገዱ ላይ የገና አባት ሳይቀር ያጋጥመዋል!

በጣም የሚያስቀው በዚያ ዓለም ቅርስ የሚባለው ነገር ነው። እኛ የምንጥላቸው የፕላስቲክ መጫወቻዎች እንደ ታቦት ዕቃ ተከብረው ይገመታሉ። የማይክል ጆርዳን ፎቶ ይጸለይበታል። ከሺህ ዓመት በኋላ የእኛን ቆሻሻ የሚያገኝ ሰው ምን ብሎ ይተረጉመው ይሆን?

የእኛ አስተያየት? ፊልሙ ቀርፋፋ ነው። አንዳንዱ ነገር ዳይሬክተሩ ለራሱ የሳቀበት ይመስላል፤ አንዳንድ ሰው «ምን ሊለን ነው?» ብሎ ቢያቋርጠው አይገርመንም። ግን ዋናው ሰውዬ ከለመድናቸው ጀግኖች ጋር በቁመትም በቁመናም አይመሳሰልም፤ በዚያ ላይ ፍቅሩ ያሳምናል። «ወደ አገሬ ልመለስ ነው» እያለ የሚኖር፣ ግን የሚወዳት ሰው አጠገቡ ያለች ሰው ታሪክ ለእኛ ቤት አዲስ አይደለም። ሻንጣውን በልቡ ጠቅልሎ የማይሄድ ዘመድ የሌለው ማን አለ? ልጆች ስለ መንኮራኩሩ ይጠይቃሉ፤ ወላጆች ሌላ ነገር ያስባሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከ13 ዓመት በላይ ላሉ ይሆናል።

ማይኩን ለልጆች

ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው የገንዘብ መጠን አይደለም። የ1954ቱ ጎድዚላ በጊዜው ለጃፓን ውድ ፊልም ነበር፤ ካፒቴን አሌክስ ደግሞ የኪስ ገንዘብ ነው። አንድ የሚያደርጋቸው፣ ያላቸውን ይዘው የሚፈልጉትን መናገራቸው ነው። ጎማ ያለው በጎማ፣ ቁርጥራጭ ብረት ያለው በብረት፣ ዳሎል ያለው በዳሎል። ልጅ ይህንን ካየ «ፌክ ነው» ማለቱን ትቶ «እንዴት ሠሩት?» ማለት ይጀምራል። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው በጣም ይሻላል።

እንግዲህ ለዚህ ወር አንድ ጨዋታ እንስጣችሁ። ከማንኛውም የቤተሰብ ፊልም አሥር ደቂቃ ምረጡ። ድምፁን ዝጉ። ማንኪያ እንደ ማይክ ያዙና አንድ ሰው ቪጄ ይሁን። በመጀመሪያ እማዬ ወይም አባዬ፣ ከዚያ ልጆች፣ በአማርኛ ይተርኩ። ሕጉ አንድ ነው፤ ልጁ ቃል ከጠፋው ለማረም አትቸኩሉ፣ ሲጠይቅ ብቻ ንገሩት። «አውሬው ከች አለና ሕንጻውን... ምንድን ነው የሚባለው?» ሲል «ደረመሰው!» በሉት። ያቺ ቃል አትጠፋበትም። አያት ካሉ ደግሞ የዳኝነቱ ወንበር የእሳቸው ነው።

ትልልቆቹ ልጆች ካላቸው ስልክ አይበልጥም፤ የሁለት ደቂቃ የራሳቸውን ፊልም ይቅረጹ። መጥበሻ ላይ የሚንሿሿ ሩዝ ዝናብ ይሆናል፣ ጋቢ ለብሶ የሚያጎነብስ አባት ጥሩ አውሬ ይወጣዋል። ፌክ ይሁን፣ ግድ የለም። እየሳቁ ይሥሩት።

እናንተስ የትኛውን ወደዳችሁ? የትኛውስ አሰለቻችሁ? በተለይ ልጆች፣ ሳትፈሩ ጻፉልን፤ «አልወደድኩትም» ማለትም አስተያየት ነው፣ ለምን እንደሆነ ብቻ ጨምሩበት። ፈንዲሻው እንዳያርባችሁ። እስከሚቀጥለው ወር፣ ደህና ሰንብቱ!